ለአራተኛው መጽሐፍ ስም ማውጣት

ካሚል መጽሐፍ መጻፍ አይከብደውም። ይህን ሲናገር ሰው ጉራ ይመስለዋል፤ እሱ ግን እውነቱን ነው። ዓመት ሁለት ዓመት ይፈጅበት ይሆናል እንጂ ታሪኩ ይመጣለታል፣ ሰዎቹም ይናገሩለታል፣ መጨረሻውም ያለ ብዙ ትግል ይገኛል። የሚገድለው ርዕሱ ነው። ሦስት ልብ ወለዶች አሳትሞ ሦስቱንም በስማቸው ምክንያት አበላሽቷቸዋል። አሁን አራተኛውን ጨርሶ፣ እንደገና እዚያው አጣብቂኝ ውስጥ ገብቶ፣ ከአዳማ ሞጆ ከሞጆ አዳማ ሲመላለስ በሚኒባስ መስኮት ሜዳውን እያየ ይተክዛል። ሃምሳ ዓመት ካለፈው ቆይቷል፤ መተከዙም እንደ ድሮው አያምርበትም።

የሚያናድደው ደግሞ የቀን ሥራው ስም ማውጣት መሆኑ ነው። ካሚል ሞጆ ደረቅ ወደብ ትራንዚተር ነው። ነጋዴው ከባሕር ማዶ ያስጫነው ኮንቴይነር ሲደርስ፣ በውስጡ ያለውን ዕቃ በትክክለኛ ስሙ ጽፎ ለጉምሩክ የሚያቀርበው እሱ ነው። ስሙ ከተሳሳተ ዕቃው ይታሰራል፣ ነጋዴው ያብዳል፣ ስልኩ ይጮኻል። ካሚል በዚህ ሥራ ጸጉሩ ሸብቷል፤ አንድም ዕቃ በስም ስህተት ታስሮበት አያውቅም። የውሃ ፓምፕን የውሃ ፓምፕ ማለት ምን ይከብዳል? መጽሐፉ ፊቱ ሲቀመጥ ግን ይኸው ሰውዬ አፉ ይተሳሰራል።

የመጀመሪያውን መጽሐፍ «ጨዋማ መሬት» አለው። ታሪኩ ወደ መተሐራ በኩል ሐይቁ እየሰፋ መሬታቸውን የበላባቸው የባልና የሚስት ታሪክ ነበር፤ ያነበቡት ጥቂት ሰዎች አልቅሰውበታል። ከሁሉ በላይ የገዛው ግን አንድ የግብርና ኮሌጅ ነው። ለቤተ መጻሕፍቱ አንድ ካርቶን ሙሉ ሲያዝ ካሚል ደስታውን የሚያደርግበት አጣ፤ ሰፈር ውስጥ ያላወራለት ሰው አልነበረም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ መምህር ከኮሌጁ ደወለና፣ በጣም በትሕትና፣ ስለ ጨው መለኪያው የሚያስረዳው ምዕራፍ የትኛው እንደሆነ ጠየቀው። ካሚል ይህን ታሪክ ዛሬ እየሳቀ ያወራዋል። ያኔ ግን አልሳቀም፤ ቅሬታው ሰንብቶበታል።

ሦስተኛውን ደግሞ፣ በሁለተኛው ከደረሰበት ነገር በኋላ፣ ስም መስጠቱ ራሱ አስጠልቶት «ሦስተኛው» ብሎ ተገላገለ። ሰው ሁሉ መጽሐፉን እያገላበጠ «አንደኛውና ሁለተኛው የት አለ?» እያለ መልሶ አስቀመጠው። እሱም ሳይሸጥ ቀረ።

ሁለተኛው ነው ጉዱ። እሱን ለመረዳት የካሚልን ሰፈር ማወቅ ያስፈልጋል።

ከአሮጌው መናኸሪያ ጀርባ ባለው በዚያ ሰፈር፣ ከሌላ ከተማ ተድራ የመጣች ሴት በስሟ አትጠራም። የሁሩታዋ አለች፤ የአሰላዋ አለች፤ የመቂዋ ነበረች፣ ነፍሷን ይማርና ሞታለች፣ ግን እስከ ዛሬ ቤቱ የመቂዋ ቤት ይባላል። ማንም በዚህ አይቀየምም። እንዲያውም አዲስ የገባች ሙሽራ በከተማዋ ስም መጠራት ስትጀምር ሰፈሩ ተቀበላት ማለት ነው። የካሚል ሚስት ፋዲላ የአርሲ ነገሌ ልጅ ናት፤ አባቷ ሐጂ ቃሶ በነገሌ ገበያ የታወቁ የእህል ነጋዴ ናቸው። እሷም ገና ሙሽራ ሳለች ጀምሮ የነገሌዋ ተባለች፣ ልጇ ኢሕሳን አድጋ ከተዳረችም በኋላ የነገሌዋ ናት። ከግቢው በር ላይ ሱቅ ከፍታ ስኳርና ሳሙና ስለምትሸጥ፣ ቀኑን ሙሉ በዚያች መስኮት ስሟ ሲጠራ ይውላል።

ይህን ስም የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ባሏ ነው። ካሚል ሰፈሩ ሳይነቃ ይወጣል፣ ሱቁ ሊዘጋ ሲል ይመለሳል። እሁድ ዕለት ደግሞ ጓዳ ገብቶ በሩን ዘግቶ ይጽፋል። ለእሱ ሚስቱ ፋዲላ ናት፣ ሲያቆላምጣት ፋዲ፣ ሲቆጣ የኢሕሳን እናት። ስለ ሰው ልጅ ኑሮ መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው የገዛ ሚስቱ በሰፈር ምን እንደምትባል አያውቅም ቢባል ማን ያምናል? እኔ አምናለሁ፤ የሚጽፉ ሰዎችን አይቻቸዋለሁ።

ሁለተኛው መጽሐፍ እንግዲህ ከነገሌ ወደ አዳማ ተድራ የመጣች፣ ኋላም ባሏን ትታ ከእህል ጫኝ መኪና ሹፌር ጋር ስለጠፋች ሴት ነበር። ከአእምሮው አውጥቶ የፈጠራት ሴት ናት። ነገሌን የመረጠውም ገበያውን በአማቱ በኩል ስላወቀው ብቻ ነው። ርዕሱን «የስንዴ ወር» ብሎት ነበር። አከፋፋዩ ኢሊያስ፣ አዲስ አበባ ሆኖ መጽሐፍ ለየከተማው የሚበትን ፈጣን ልጅ፣ ርዕሱን ሲሰማ ስልኩ ላይ ተነፈሰ።

«ጋሼ ካሚል፣ ደግሞ ግብርና?» አለው። «ሴትዮዋ ከየት ናት ያሉኝ?»

«ከነገሌ።»

«በቃ፣ "የነገሌዋ"። አጭር፣ ግልጽ። ሰው ማን ናት ብሎ ይገዛል።»

ካሚል ያን ሰዓት ጉምሩክ መስኮት ላይ ተሰልፎ ነበር። ከኋላው ይገፉታል፣ ከፊቱ ወረቀት ይመልሱበታል። ርዕስ ማሰብ ደክሞት ስለነበር «ይሁን» አለ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ያስተከዘው ነገር የተወሰነው በዚያች ቃል ነው።

መጽሐፉ ከወጣ በኋላ አንድ ቀን ብርድ መትቶት ከሥራ ቀረ። ጓዳ ተጋድሞ ሳለ ከውጭ፣ ከሱቁ መስኮት፣ የጎረቤታቸው የእትዬ ውዴ ድምፅ መጣ፦ «የነገሌዋ፣ ዘይት ገብቷል?» ሌላም ሰው፦ «የነገሌዋ፣ ክብሪት ስጪኝ እስቲ።» ካሚል ብርድ ልብሱን ገፎ ተነሣና ተቀመጠ። ቀጥሎ የመጣው የአንድ ወጣት ድምፅ ነበር፣ ሳቅ ያለበት፦ «የነገሌዋ፣ ሹፌሩ ደህና ነው?» የፋዲላ መልስ አልተሰማም። ሳንቲም ሲቆጠርና መስኮቱ ሲከደን ብቻ ሰማ።

ከዚያ በፊት መጽሐፉ ለምን እንዲህ እንደሚሸጥ ገርሞት ነበር። አዳማ ላይ አለቀ፣ ነገሌ ላይ አለቀ፣ ሻሸመኔ ድረስ ተፈለገ፤ ኢሊያስ እንደገና አሳተመው። ለካ ሰው የሚገዛው የጸሐፊው ሚስት ምን እንዳደረገች ለማወቅ ነው። ካሚል በጸሐፊነት ዘመኑ የተሳካለት አንድ መጽሐፍ ቢኖር እሱ ነው፤ የሚያፍርበትም እሱ ነው።

ይቅርታ ጠይቋታል፤ ይህን አልካድነውም። «ስምሽ መሆኑን አላወቅሁም» አላት። ፋዲላም «አውቃለሁ አለማወቅህን» አለችው፣ በዚያው ተዘጋ። አልጮኸችበትም፣ አላኮረፈችም። በዚያ ዓመት አረፋ ግን እንደ ልማዷ አባቷ ዘንድ ልትሄድ ስትሰናዳ ቆይታ፣ ጉልበቴን አመመኝ ብላ ቀረች። በሚቀጥለው ዓመት ሱቁን የምትተውለት ሰው ጠፋ። ቀጥሎ ኮሮና መጣ፣ ኮሮናው አለፈ፣ ሌላ ምክንያት መጣ። ሐጂ ቃሶ ዓይናቸውን ሊታከሙ አዳማ ብቅ ሲሉ ብቻ ነው የምታገኛቸው። በየዓመቱ አረፋ በደረሰ ቁጥር ካሚል ቤቱ ይጠበዋል። የሚስቱ እግር ከአባቷ ደጅ የቀረው በእሱ አንዲት ቃል መሆኑን ስለሚያውቅ፣ ከዚያ ወዲህ ለመጽሐፍ ስም ማውጣት ማለት ለእሱ ገደል አፋፍ ላይ መቆም ሆነ።

አራተኛው መጽሐፍ ስለ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ሰውዬው ወደብ በር ላይ ተራውን ሲጠብቅ ሚስቱ ትወልዳለች፣ አባቱ ይሞታል፣ ልጁ ትምህርት ቤት ይገባል፤ ሁሉንም በስልክ ይሰማል። ካሚል በየቀኑ የሚያየውን ሰው ነው የጻፈው፤ ከጻፋቸው ሁሉ የሚወደውም ይህን ነው። ማተሚያ ቤቱ ውስጡን አትሞ ጨርሶ ሽፋኑን ብቻ እየጠበቀ ነበር። ስም የለውም። ካሚል «የጎማ ጥላ» ብሎ ሞከረ፤ ጎማ ቤት መሰለው። «በስልክ ያደገ ልጅ» አለ፤ ስለ ልጆች አስተዳደግ የሚያስተምር መሰለው። አብሮት የሚሠራው ማናሴ «"ትዕግሥት" በለው፣ ጌታ ይባርክሃል» ቢለው፣ ካሚል ከሰንበት ትምህርት ቤት ያመጣኸው ነው ብሎ ሳቀበት። በልቡ የነበረው አንድ ቃል ነው፦ «ወረፋ»። ታሪኩ እሱው ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ኢሊያስ ሲሰማው ሳቀ። «ጋሼ ካሚል፣ ሰው ነዳጅ ሲሰለፍ ውሎ፣ ስኳር ሲሰለፍ ውሎ፣ ማታ ደግሞ ገንዘቡን አውጥቶ ወረፋ ይግዛ?»

«ታሪኩ ግን እሱ ነው።»

«ታሪኩን ማን ያየዋል? ሽፋኑን ነው የሚያየው። እኔ አስቤበታለሁ፤ "የነገሌዋ ቁጥር ሁለት" እንበለው። ሹፌር አለበት አይደል? በቃ ያ ሹፌር ነው። ሰው እኮ እስከ ዛሬ ከዚያ በኋላ ምን ሆነች እያለ ይጠይቀኛል።»

ካሚል ከወደቡ በር ላይ ወደ መንገዱ ተመለከተ። በፊቱ መኪኖቹ እስከ አስፋልቱ መታጠፊያ ተደርድረው ቆመዋል፣ ሹፌሮቹ ከመኪናው ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ተጋድመዋል፤ ነፋሱ አቧራውን ያነሣዋል።

«ካልሆነ ግን» አለ ኢሊያስ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እውነቴን ነው የምነግርዎ፣ "ወረፋ"ን ይዤ አልዞርም። "ሦስተኛው"ን ይዤ ዞሬ አይቻለሁ። እቤትዎ ነው የሚቀመጠው።»

ካሚል ያልተነበበ መጽሐፍ ቤት ውስጥ ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ካርቶኑ አቧራ ይጠጣል፣ እንግዳ ሲበዛ መቀመጫ ይሆናል። ዓመት ሙሉ የደከመበት ሹፌር እንዲያ እንዲሆንበት አልፈለገም። ደግሞም ደክሞታል፤ ከሁሉም በላይ ደክሞታል። አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ሁለተኛ ቢሆን ምን ይጨምራል ብሎ ራሱን አባበለ። «እንግዲህ እንዳልክ» አለውና ስልኩን ዘጋ።

ያን ዕለት ቤቱ ሲደርስ ገና አልመሸም። ፋዲላ ሱቅ ውስጥ ስኳር እየመዘነች በላስቲክ ትቋጥራለች። ካሚል የሳሙና ካርቶን ስቦ ተቀመጠ። ሳይናገር ቢያድር ሊነጋለት እንደማይችል ስላወቀ በአንድ ትንፋሽ ተናገረው።

«ኢሊያስ ስሙን "የነገሌዋ ቁጥር ሁለት" እናድርገው አለ።»

ፋዲላ የያዘችውን ላስቲክ ቋጠረች። «አንተስ ምን አልክ?»

«እንዳልክ አልኩት።»

ሌላ ላስቲክ አነሣች፣ ስኳሩን ጨመረች፣ ሚዛኑ እስኪቆም ጠበቀች። ካሚል ታለቅሳለች ብሎ ፈርቶ ነበር። እሷ ግን ስለ ሌላ ነገር ጠየቀችው።

«በዚህኛው ውስጥ እኔ አለሁ?»

«ማለት?»

«በመጽሐፉ ውስጥ። አለሁበት ወይ ነው የምልህ።»

«ይሄ ስለ ሹፌር ነው እኮ፣ ፋዲ።»

«የነገሌዋስ ስለ ማን ነበር?»

ካሚል ስፈጥራት ማንንም አላሰብኩም ብሎ ሊምል ፈለገ፤ ይህንኑ ከዓመታት በፊት ምሎላታል።

«አንብቤዋለሁ» አለች ፋዲላ። «ሁለቴ ነው ያነበብኩት። አታውቅም። መጀመሪያ ያነበብኩት ሰው ሁሉ አንቺ ነሽ ሲለኝ ጨንቆኝ ነው። እንዳልሆንኩ ሳውቅ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ሁለተኛ ያነበብኩት ግን ራሴን ስፈልግ ነው። ያቺ ሴትዮ ረጅም ናት፣ ትዘፍናለች፣ ባሏን ፊት ለፊት ትናገረዋለች። አንድ ነገሬ እንኳ ይኖርባት ይሆናል ብዬ ፈለግኩ። ሳቄ ወይ ንግግሬ ወይ ስኳር ስመዝን። የለም። ሌሎቹንም ሁለቱን አየኋቸው፣ እዚያም የለሁም። ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ኖረን፣ ስሜን ብቻ ወሰድክና ሌላ ሴት አስገባህበት።»

ይህን ሁሉ ስትናገር ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ስለ ዘይት መወደድ የምታወራ ትመስል ነበር። ካሚል ግን በዕድሜው እንደዚያ አፍሮ አያውቅም። ሰው አማት፣ ሰው ሳቀባት ብሎ ነበር ዓመታት ሙሉ ሲያዝንላት የኖረው። ያዘነው ለማያስፈልግ ነገር ኖሯል።

«ነገሌስ?» አላት። «ነገሌ መሄድ የተውሽው አፍረሽ አይደለም?»

«የሰው ወሬ ያልፋል። እኔ የፈራሁት አባባን ነው። በዘመድ ፊት እውነት አንቺ ነሽ ወይ ብለው ይጠይቁኛል። አይደለሁም እላለሁ። ታዲያ ባልሽ ስላንቺ የጻፈው የትኛው ነው ቢሉኝስ? ምን ብዬ እመልሳለሁ?» ሚዛኑን በጨርቅ ጠረገችው። «ሹፌሩ የራሱ ስም ይኑረው። የእኔን ተውልኝ።»

«የነገሌዋ» አለ አንድ ሰው ከመስኮቱ ውጭ፣ «ሳሙና አለሽ?»

«አለ» አለች ፋዲላ፣ ተነሥታ ሰጠችው።

በማግስቱ ካሚል ለኢሊያስ ደወለ። ኢሊያስ አልተቆጣም፤ ጋሼ ካሚል ጥሩ ሰው ነዎት፣ በዚህ ዓይነት ግን ጸሐፊ ሆነው አይበሉም ብሎ መከረው፣ መጽሐፉንም እንደማይወስድ ነገረው። «ወረፋ» ታተመና በአይሱዙ ተጭኖ አዳማ ገባ። ካርቶኖቹ ሱቁ ውስጥ ከስኳሩ ጆንያና ከሳሙናው መሐል ተደረደሩ። ፋዲላ አንዱን አውጥታ መስኮቱ ላይ በክር አንጠለጠለችው። እትዬ ውዴ የመጀመሪያዋ ደንበኛ ሆና መጣች፣ መጽሐፉን ገልበጥ ገልበጥ አደረገች።

«በዚህኛው ምን ሆነሻል?»

«የለሁበትም፣ እትዬ ውዴ።»

«ጭራሽ?»

«ጭራሽ።»

«ታዲያ ምን ያደርግልኛል?» አለችና ጨው ገዝታ ሄደች።

መጽሐፉ እንደተባለው አልተሸጠም። ለሳሙና የመጣ ሹፌር አልፎ አልፎ አንዱን ይወስዳል። አንድ ቀን አንዱ ተመልሶ መጥቶ፣ ይሄ ሰውዬ እኔን ከየት ነው የሚያውቀኝ ብሎ ጠየቀ። ፋዲላ ይህን ለካሚል ስትነግረው በፊቷ ላይ ኩራት የሚመስል ነገር ነበር። ካሚል እንደ ድሮው ቢሆን በዚያ አንድ ሹፌር ዓመት ሙሉ ደስ ሲለው በኖረ ነበር። አሁን ግን ፋዲላ እትዬ ውዴን «የለሁበትም» ስትላት የሰማው ከጆሮው አልወጣ ብሎ፣ ደስታው ግማሽ ሆነበት።

አረፋ ሲደርስ ፋዲላ ማንንም ሳታማክር የሱቁን ቁልፍ ለእትዬ ውዴ ሰጠች። ለአባቷ ጋቢ ገዛች። በጋቢው ላይ አንድ «ወረፋ» ደርባ በከረጢት አሰረች። ካሚል ምንም አልጠየቀም፤ ከእሷ ኋላ ተከትሎ ሚኒባስ ውስጥ ገባ።

ነገሌ ሲደርሱ ሐጂ ቃሶ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ይጠብቋቸው ነበር። ዓይናቸው ከቀድሞው ደክሟል፣ በእግር ኮቴ ነው ልጃቸውን ያወቋት። «አከም ጅርታ፣ ኢንተለ ኮ?» አሏት፣ ልጄ ደህና ነሽ ወይ እያሉ እጇን ይዘው አልለቅ አሉ። ፋዲላ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች፤ ቀና ስትል ፊቷ ርሷል። ካሚል ዞር ብሎ ከረጢቱን እንደሚያስተካክል ሰው ሆነ። ይህችን ቅጽበት እሱ ነው ለዓመታት ያስቀራት፣ ይህንንም ማንም ሳይነግረው አወቀው።

ከምሳ በኋላ ዘመድ ጎረቤት ቤቱን ሞልቶት ሳለ ፋዲላ መጽሐፉን አምጥታ አባቷ ጉልበት ላይ አኖረችው። ሐጂ ቃሶ በእጃቸው ዳሰሱት። ሁሉም የፊተኛውን መጽሐፍ ያስታውሳል፤ የሚያነሣው ግን አልነበረም።

«ደግሞ ጻፍክ፣ ሶዳ?» አሉ ሽማግሌው፣ በኦሮምኛ አማቼ ብለው ወደ ካሚል ድምፅ ዞረው።

«ጻፍኩ፣ ሐጂ። ስለ ከባድ መኪና ሹፌር ነው።»

ሐጂ ቃሶ ወደ ልጃቸው ዞሩ፣ በኦሮምኛም ቀስ ብለው ጠየቋት፦ «አንቺስ አለሽበት?»

ፋዲላ «የለሁበትም፣ አባባ» አለች።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሐጂ ቃሶ ከልባቸው፣ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው።

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ዓመታት የታመቀ ነገር ነበርና ሳቁ ረጅም ጊዜ ወሰደ፤ አክስቶቿ ዓይናቸውን እየጠረጉ ሳቁ፣ ሐጂ ቃሶም ለምን እንደተሳቀ ባይገባቸው አብረው ሳቁ። ፋዲላም ሳቀች፣ ትከሻዋ እስኪነቀነቅ። በመሐል ዓይኗ ከካሚል ዓይን ጋር ተጋጠመ፣ ያን ጊዜ ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም። ያን ያየ ካሚል ብቻ ነው።

በማግስቱ ተመለሱ። ቡልቡላን አልፈው፣ ባቱን አልፈው፣ መቂ ላይ ቲማቲም ገዝተው፣ ሞጆ ሲደርሱ ሚኒባሱ ለተሳፋሪ ቆመ። መኪኖቹ እንደ ሁልጊዜው በአስፋልቱ ዳር ተደርድረዋል። አንዱ ሹፌር ጎማ ተደግፎ በስልክ ይናገራል። ፋዲላ ይህን ሰልፍ ስታየው የመጀመሪያዋ አልነበረም፤ ቆም ብላ ስታየው ግን የመጀመሪያዋ ነው።

«ይሄ ነው?» አለችው።

«ይሄ ነው።»

«ረጅም ነው።»

ሚኒባሱ መንቀሳቀስ ሲጀምር ካሚል ተጠጋት። ከነገሌ ጀምሮ በአፉ ይዞት የመጣውን ነገር ከዚህ በላይ መሸከም አልቻለም። «የሚቀጥለውን ስላንቺ ብጽፈውስ?» አላት። «ስም እንኳ አልፈልግለትም። አንቺው ታወጪለታለሽ።»

ፋዲላ መኪኖቹ አንድ በአንድ በመስኮቱ እስኪያልፉ አየቻቸው፣ የመጨረሻውም አለፈ።

«ወረፋዬ ደረሰ በለኛ» አለች፣ ሳትስቅ።

ካሚል አንገቱን ደፋ። እሷም አየችው፤ ያን የሸበተ ጸጉሩን፣ ያበጠ የዓይኑን ሥር፣ የተጨማደደ ኮቱን አየች። ከረጢቱን ከጉልበቷ አንሥታ በመሐላቸው አስቀመጠችለት፣ ራሱን እንዲያስደግፍበት።

«አሁን ተኛ» አለችው። «ደክሞሃል። አዳማ ስንገባ እቀሰቅስሃለሁ።»